ለጌጥ የገዛሁት ካሜራ

እውነቱን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፤ ፎቶ ማንሳት አልችልም ነበር። ካሜራ ግን ነበረኝ።

ያኔ ጎንደር ውስጥ በአንድ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነበርኩ። ስሜ ሰብለ ነው፤ ዕድሜዬ ሃያ ስድስት፤ ራሴን ደግሞ ከሚገባው በላይ እወድ ነበር። ቱሪስቶች ቁልፍ ሊወስዱ ወደ ጠረጴዛዬ ሲመጡ ዓይኔ ፊታቸውን ትቶ አንገታቸው ላይ ነው የሚያርፈው። አዲሶቹ ወፋፍራም ጥቁር ካሜራዎች አይማርኩኝም። አሮጌዎቹ ግን! ግንባራቸው እንደ ብር የሚያበራ፣ ወገባቸው ጥቁር ቆዳ የለበሰ፣ ቁጥሮች የተቀረጹባቸው ቀለበቶች ያሏቸው። እንዲህ ያለውን ያነገተ ሰው ሁሉ ታሪክ ያለው ይመስለኛል። አንዳንዴ አፍሬም ሳላፍርም «ልያዘው?» እልና ተቀብዬ አገላብጠዋለሁ። መልሼ ስሰጥ ይከፋኛል።

ታዲያ አንድ ቀን ቅዳሜ ገበያ ውስጥ፣ አሮጌ ራዲዮና የተሰባበረ ሰዓት ዘርግቶ የሚሸጥ ሰው ዘንድ አየሁት። ከቡናማ የቆዳ ቤቱ ሳወጣው ልቤ ቀጥ አለ። ሌንሱን ወደ ፀሐይ ሳዞረው ውስጡ ወይን ጠጅና አረንጓዴ ቀለም ብልጭ ድርግም ይላል። ከላይ ያለችውን ትንሽ ዘንግ በአውራ ጣቴ ስገፋት ጥርስ በጥርስ እየተቆጠረች ሄዳ ትመለሳለች። ከዚያ ቁልፉን ተጫንኩት። ቀጭ! ይህን ድምፅ እንዴት ልግለጽላችሁ? ስልክ የሚያሰማው የውሸት ድምፅ አይደለም። አንድ ነገር አሁን በርግጥ ተፈጸመ የሚል ድምፅ ነው።

«ይሠራል?» አልኩት ሻጩን።

«ዕቃው ጤነኛ ነው። ባዶ ነው እንጂ። ፊልም የሚባል ነገር አሁን ከየት ይመጣል? ለጌጥ ነው የምሸጥልሽ።»

«እኔም ለጌጥ ነው የምፈልገው» አልኩትና ገዛሁት።

ከዚያ ቀን በኋላ ካሜራውን እንደ ሐብል አደረግሁት። ሥራ ስገባ አንገቴ ላይ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ነጠላዬ ሥር ነው። ውስጡን ከፍቼ ማየት አንድም ቀን አላሰኘኝም። ባዶ ነው ተብያለሁ፤ ባዶ ነገር ምኑ ይታያል?

ሆቴላችን ውስጥ ክፍል የምታጸዳና አልጋ የምታነጥፍ ጥሩወርቅ የምትባል ጓደኛ አለችኝ፤ ጥሩዬ ነው የምላት። ቤተሰቦቿ ከአምባ ጊዮርጊስ በእግር አንድ ሰዓት የሚያስኬድ መንደር ውስጥ ገበሬዎች ናቸው። ካሜራውን በገዛሁ በሳምንቱ ኅዳር ሚካኤል ነበርና የደብራቸው በዓል ስለሆነ «ነይ አብረን እንዋል» አለችኝ። ሄድኩ። ካሜራዬን ሳላነግት እንዳልሄድኩ ታውቃላችሁ።

አባቷ አያ ካሴ ታቦት አስገብተው ተመልሰው ከቤቱ ግድግዳ ሥር ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ረዥም፣ ከሲታ፣ ዓይናቸው የሚስቅ ሽማግሌ ናቸው። ሰላም ስላቸው እጄን ሳይለቁ አንገቴን ያያሉ።

«ይኸ ያንጠለጠልሽው ምንድን ነው ልጄ?»

«ካሜራ ነው አያ ካሴ።»

«ካሜራማ መሆኑን አጥቼው ነው? እንዲህ ያለውን ካየሁ ግን ብዙ ዘመኔ ነው። እስቲ ወዲህ በይው።»

ከመቀበላቸው በፊት መዳፋቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። በሁለት እጃቸው ይዘው ቀለበቱን ቀስ አድርገው አዞሩት፤ ጆሯቸው ላይ አስጠግተው ሲዞር አዳመጡት። እኔ ብቻ ነኝ ይህ ነገር የያዘኝ እል ነበር፤ እሳቸውንም ሲይዛቸው አየሁ።

«ሸጋ ነው» አሉ። «ሰው የተጠበበበት ነው። ጎረምሳ ሆኜ እህል ጭኜ ጎንደር ስወርድ፣ አንድ ፎቶ አንሺ ይኸን መሳይ ይዞ ደጁ ላይ ይቆም ነበር። ሦስቴ ልነሳ ብዬ ሄጄ ሦስቴም አፍሬ ተመለስሁ። በይ፣ ዛሬ አንሺኝ።»

ጥሩዬ እልል ልትል ምንም አልቀራት። «ሰብልዬ፣ ስሚ! እሱ እኮ ተነሣ ሲሉት የሚሸሽ ሰው ነው! ስንት ዓመት በስልክ ላንሳህ ብዬው እምቢ እንዳለኝ!»

«ምነው? ስልክ ያነሳው ፎቶ ነው ትያለሽ?» አሏት። «ባለፈው ስልክሽ ሲሰረቅ የዘመዱ ፎቶ ሁሉ አብሮ አልሄደም? እኔ የምሻው ወረቀት ነው። ግድግዳ ላይ የሚውል። ስሞትም ከፊታችሁ የምታደርጉት።»

እዚህ ላይ «አያ ካሴ፣ ይህ ባዶ ነው፤ ለጌጥ ነው የያዝኩት» ማለት ነበረብኝ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ጎረቤት ተሰበሰበ፤ ባለቤታቸው እማማ ዘውዴ ያልተለበሰ አዲስ ጋቢ ይዘውላቸው እየሮጡ ወጡ፤ አያ ካሴ ከዘራቸውን ይዘው ቀጥ ብለው ቆሙ። ሁሉም እኔን ያየኛል። እንዲህ ታይቼ አላውቅም። ደስ አለኝ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ሌላ ቀን መጥቼ በደንብ አነሳቸዋለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁና ዓይኔን የካሜራው ማያ መስኮት ላይ አደረግሁ።

ቀጭ። «ትንሽ ቀና ይበሉ።» ቀጭ። «አንድ ልጨምር።» ቀጭ።

«ይኸው ነው እንዴ? ለዚህ ነው ያን ሁሉ ዓመት የፈራሁት?» አሉና ሳቁ። ሁላችንም ሳቅን። በዚያች ሰዓት ስልኬ ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ነበር። ቻርጅም ነበረው። ማውጣት ብቻ ነበር የቀረኝ፤ አላወጣሁትም።

ከዚያ በኋላ ጥሩዬ አንሶላ ተሸክማ ባጠገቤ ባለፈች ቁጥር «ፎቶው ታጠበ?» ትለኛለች። «ገና ነው፤ አዲስ አበባ ነው እኮ የሚታጠበው» እላታለሁ። ውሸት አንዴ ከጀመሩት ራሱ መንገዱን ያውቃል። ሁለት ሳምንት እንዲህ አለፈ።

በሦስተኛው ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት ጥሩዬ ሥራ አልገባችም። አያ ካሴ ሌሊቱን ደረታቸውን ይዘው፣ ለሐኪም እንኳ ሳይደርሱ አርፈዋል። ለቀብሩ የሚተካኝ ሰው አጥቼ ቀረሁ። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ፤ ጥሩዬ ናት። በለቅሶ ድምጿ ተዘግቷል።

«ሰብልዬ፣ ነገ ሠልስቱ ነው። ፎቶውን ይዘሽልኝ ነይ።»

የእንግዳ መዝገቡን ዘጋሁት።

«ትሰሚኛለሽ? ከዚያ ሌላ ፎቶ የለንም። መታወቂያው ላይ የነበረው በላብ ተበልቶ የቀረው ግንባሩ ብቻ ነው። እማዬ በቀብሩ ዕለት ከፊቷ ምንም ስላልነበረ ማልቀስ አቃታት። ‹ፎቶው ሲመጣ አለቅሳለሁ፤ ከጎንደር እየመጣ ነው› እያለች ሰዉን ሁሉ ቁጭ አድርጋ ነው የምትጠብቅሽ።»

«እሺ» አልኳት። ከአፌ የወጣው እሱ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ጥቁር ለብሼ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ካሜራውን ለምን እንደያዝኩት እስካሁን አላውቅም፤ ምናልባት እሱም ተከሳሽ ስለሆነ ነው። የወለቃን መንደር አልፈን ሽቅብ ስንወጣ ውሸት እየመረጥኩ ነበር። «አዲስ አበባ ሲታጠብ ተበላሸ» ልበል? «በፖስታ ጠፋ» ልበል? እያንዳንዱን በልቤ እለማመዳለሁ፤ እያንዳንዱም ጥሩ ሆኖ ይሰማኛል። ከአምባ ጊዮርጊስ ወርጄ በእግር ስሄድ «ሲታጠብ ተበላሸ» የምትለዋን መርጬ ጨርሼ ነበር።

ከዚያ ዳሱ ውስጥ ገባሁ።

መሐል ላይ ወንበር አለ። ወንበሩ ላይ ያ አዲስ ጋቢ ታጥፎ ተቀምጧል። ከዘራቸው ተደግፏል። በጋቢው ላይ ደግሞ መስታወት ያለው አዲስ የፎቶ ፍሬም ቆሟል፤ ውስጡ ባዶ ካርቶን ብቻ ነው። ሰዉ ለባዶ ፍሬም ፊቱን ሰጥቶ ተቀምጧል። ያዘጋጀሁት ውሸት ከጭንቅላቴ ጠፋ።

እማማ ዘውዴ ብድግ ብለው እጃቸውን ዘረጉ። «አመጣሽልኝ? እስቲ ወዲህ በይልኝ ልጄ። ፊቱን ልየው።»

«እማማ...» አልኩ። «ፎቶ የለም።»

«ምነው? አልደረሰም?»

«አልተነሱም። ካሜራው ባዶ ነበር። ፊልም አልነበረውም። የውሸት ነው ያነሳኋቸው።»

ጥሩዬ ከሴቶቹ መሐል ተነሥታ መጣች። ዓይኗ አብጧል።

«ምን ማለትሽ ነው? እኔ እኮ ቀጭ ሲል ሰምቻለሁ። ሦስት ጊዜ! አዲስ አበባ ልኬዋለሁ አላልሽኝም?»

«ዋሽቼሽ ነው ጥሩዬ።»

«አሁን ነው የምትዋሺኝ! ጠፍቶብሽ ነው። ጠፋብኝ በይኝ! በአባቴ አልቀለድሽም፤ ጠፋብኝ በይኝ!»

ልታምነኝ አልፈለገችም። ሰዉም ማጉረምረም ጀመረ። እኔ ደግሞ ለአንዴ እንኳ እውነት ተናግሬ አለመታመኔ አንገበገበኝ፤ በዚያ ሰዓት እንኳ ስለራሴ ነበር የማስበው። አንድ እንግዳ በራሱ ካሜራ አሳይቶኝ ስለነበር ጀርባው እንዴት እንደሚከፈት አውቅ ነበር። «ይኸው እዩ! ባዶ ነው፤ በዓይናችሁ እዩ!» አልኩና በዳሱ ደጃፍ፣ በዚያ የታኅሣሥ ፀሐይ ፊት፣ ከላይ ጉብ ያለችውን ቁልፍ ወደ ላይ ስቤ የካሜራውን ጀርባ ከፈትኩት።

ባዶ አልነበረም።

በግራ በኩል ትንሽ ቆርቆሮ ተቀምጧል። ከእሱ የወጣ፣ ዳርና ዳሩ የተበሳ ግራጫ ጥብጣብ መሐሉን አቋርጦ በቀኝ በኩል ተጠቅልሏል። ምን እንደማይ አልገባኝም። ገብቶኝም ማመን አልቻልኩም። አውራ ጣቴን ሰድጄ ጥቅልሉን ነካሁት፤ እውነት መሆኑን ለማረጋገጥ።

«ዝጊው!» የሚል ጩኸት ከኋላዬ መጣ። «ዝጊው አንቺ ልጅ! ዝጊው!»

የጥሩዬ አጎት ጋሽ ደሳለኝ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ በወጣትነታቸው ጎንደር ፎቶ ቤት የሠሩ። ሰው እየረገጡ መጥተው ጋቢያቸውን በካሜራውና በእጄ ላይ ጣሉብኝና በጨርቁ ውስጥ ጀርባውን ጫን አድርገው ዘጉት።

«ማነው ባዶ ነው ያለሽ?»

«የሸጠልኝ ሰው...»

«ፊልም ጎርሷል! የቀድሞው ባለቤት አስገብቶት ሳያነሳበት ቀርቶ ነው። አንስተሽው ነበር። ወንድሜን አንስተሽው ነበር! አሁን ነው ያቃጠልሽው። ይኸ ነገር ብርሃን አይችልም፤ ፀሐይ አሳየሽው!»

እስቲ አስቡት፤ እኔ ስንት ጊዜ ለራሴ ደጋግሜዋለሁ። ስዋሽ ፎቶው ነበረ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስዋሽ አያ ካሴ አንገቴ ላይ ነበሩ። እውነት ተናግሬ ላሳይ ብዬ በከፈትኩባት ቅጽበት አጠፋኋቸው።

ጥሩዬ አልጮኸችም። ፍሬሙን ከወንበሩ ላይ አንስታ ፊቱን ወደ ታች ደፋችው። እማማ ዘውዴ ግን ነገሩ ወዲያው አልገባቸውም። አንዴ ጋሽ ደሳለኝን፣ አንዴ እኔን እያዩ «ታዲያ እዚያው ውስጥ ካለ ምነው አታወጡልኝም? አውጡልኝ እንጂ» ይሉ ነበር። ጋሽ ደሳለኝ ጎንበስ ብለው በጆሯቸው ነገሯቸው። ያኔ ነው ለቅሷቸው የወጣው። እንዲህ ያለ ለቅሶ ሰምቼ አላውቅም፤ ሰው ሁለተኛ ሲሞት እንደሚለቀስ ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ጋሽ ደሳለኝ በጋቢው ጨለማ ውስጥ ፊልሙን ወደ ቆርቆሮው መልሰው አጠንጥነው ሰጡኝ። «ጥቅልሉ ሥር የገባው ከተረፈ ይተርፋል» አሉ። «አዲስ አበባ አሁንም የሚያጥብ ሰው አይጠፋም። ላኪው።» በማግሥቱ፣ ጠያይቄ ላገኘሁት አንድ የአዲስ አበባ አጣቢ በአውቶቡስ ላክሁት። ሁለት ሳምንት እህል አልቀመስኩም ብል ማጋነን ነው፤ የበላሁት ግን ምን እንደሆነ አላስታውስም። ጥሩዬ ሥራ ስትመለስ በጓሮ በር እየገባች በጓሮ በር ትወጣ ነበር።

በመጨረሻ አጣቢው ደወለልኝ። ደስተኛ ሰው ነው።

«እህቴ፣ ደስ ይበልሽ! አርጅቷል፣ ብርሃንም ነክቶታል ብለሽኝ ነበር። የመጀመሪያዋን ፊልሙ ሲገባ ብርሃን ያየ ጫፍ ላይ ስለወደቀች አልቆጥራትም፤ ከቀሩት አሥራ አራቱ አሥራ አንዱ ጥርት ብሎ ወጥቷል። መጨረሻ ላይ የተነሡት ሦስቱ ብቻ ናቸው የተቃጠሉት። እነሱ ከላይ ስለተጠቀለሉ ነው፤ ብርሃን መጀመሪያ የሚያገኘው የላዩን ነው።»

ያልነገርኳችሁ ነገር አለ፤ ስለማፍር ነው የዘለልኩት። ካሜራውን በገዛሁበት በዚያ የመጀመሪያው ሳምንት፣ ቤቴ ውስጥ መስታወት ፊት እየቆምኩ ራሴን «አነሳ» ነበር። ፀጉሬን ፈትቼ፣ ፀጉሬን አስሬ፣ ሻሽ አድርጌ፣ ካሜራውን ጉንጬ ላይ አስደግፌ። ጨዋታ ነበር። አሥራ አንድ ጊዜ።

ፖስታው ሲደርስ አሥራ አንድ ጊዜ እኔን አየሁ። ጥርት ብዬ፣ አምሬ። ከዚያ ሦስት ነጭ ወረቀት። ሁለቱ ላይ ምንም የለም። በአንደኛው ጥግ ላይ ግን፣ አውራ ጣቴ አርፎ ብርሃኑን በከለለበት ቦታ፣ ከዘራ የጨበጠ የሽማግሌ እጅ አለ። ጣቶቹ፣ ጥፍሮቹ፣ የጋቢው ጫፍ። ከዚያ ወዲያ ነጭ ነው።

ለአርባው ይዤው ሄድኩ። ሰዉ ተበትኖ ቤቱ ጭር ሲል እማማ ዘውዴ እግር ሥር ተንበርክኬ ፖስታውን ሰጠኋቸው። የእኔን ፎቶዎች ሳላወጣቸው መቅረቴን ያስተዋልኩት ከእጄ ከወጣ በኋላ ነው። አንድ በአንድ አገላበጧቸው። ቀና ብለው አዩኝ፤ ፊታቸው ላይ ቁጣ ብፈልግ አጣሁ።

«አንቺስ ሸጋ ሆነሽ ወጥተሻል» አሉኝ።

ቢሰድቡኝ፣ ከቤቴ ውጪ ቢሉኝ እመርጥ ነበር። መሬቱ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። እሳቸው ግን እጁ ያለበትን ፎቶ አግኝተው ወደ ደጁ ብርሃን ወስደውታል። በጣታቸው የባላቸውን ጣቶች አንድ በአንድ እየነኩ ቆዩ። «እጁ ነው። ሌላ ሰው ቢያየው አያውቀው ይሆናል፤ እኔ አውቀዋለሁ» አሉ። ጥሩዬ ከጓዳ ወጥታ ፍሬሙን ያለ ቃል አቀበለቻቸው።

ፎቶውን ፍሬሙ ውስጥ ካስገቡ በኋላ ያልጠበቅሁትን አደረጉ። ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ወደ ደጅ ወጥተው አያ ካሴ የቆሙበት ግድግዳ ሥር ቀጥ ብለው ቆሙ፤ አንገቴ ላይ ያለውን ካሜራ በአገጫቸው አሳዩኝ።

«በይ እኔንም አንሺኝ። እኔ ስሄድ ልጄ ባዶ ነገር ታቅፋ እንዳታለቅስ።» ቆም አሉና ጋሽ ደሳለኝ ከተናገሩት የያዙትን ቃል ጠየቁኝ። «አሁንስ ጎርሷል?»

«አልጎረሰም እማማ» አልኳቸው።

«እንግዲያው በስልክሽ አንሺኝ። ወረቀት ግን አድርጊው።»

በስልኬ አነሳኋቸው። በነጋታው ጎንደር አሳትሜ ለጥሩዬ በእጇ ሰጠኋት። ከእኔ ጋር እንደ ድሮው አይደለችም፤ ትናገረኛለች፣ በዋናው በርም ትገባለች። ከዚያ በላይ መጠየቅ አልችልም።

ካሜራውን ጣልሽው ወይ ትሉኝ ይሆናል። አልጣልኩትም። የሚያስደነግጠኝ እሱ ነው፤ አሁንም እወደዋለሁ። ቀለበቱ ሲዞር አሁንም ልቤ ይሞቃል። አያ ካሴም ወደውት ነበር፤ የውበቱ ጥፋት አይደለም። ፊልም እየፈለግሁ አስገባለሁ፤ ከማንሳቴ በፊትም ለሚነሣው ሰው ውስጡ ምን እንዳለ እነግረዋለሁ። እናንተም ቤታችሁ ፎቶ የሌለው ሽማግሌ ካለ፣ ይህን አንብባችሁ ስትጨርሱ ተነሡና አንሱት፤ በምንም ይሁን በምን። «አልጎረሰም» አንድ ቃል ናት፤ ለእማማ ዘውዴ ስነግራቸው ምንም አልከበደችኝም። ለባላቸው ኅዳር ሚካኤል ዕለት ብነግራቸው ኖሮ፣ ስቀው «እንግዲያው በስልክሽ አንሺኝ፤ ወረቀት ግን አድርጊው» ይሉኝ ነበር።